«አንተ» ወይስ «እርስዎ»? የጃማይካ ዕረፍታችንና የአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ክስ

ከክሊቭላንድ አቬኑ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ጥር ወርን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያሳለፈ ሰው፣ ሐበሻ ሲገናኝ ስለ ፀሐይ ለምን እንደሚያወራ አይጠይቅም። በረዶው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቆልሎ፣ ከጨውና ከጭቃ ጋር ተለውሶ ጠቁሯል። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመው ሶማሌም፣ ሐበሻም፣ ኔፓሌም አንገቱን ኮቱ ውስጥ ቀብሯል። እንዲህ ባለ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አራት ጓደኛሞች ከነሚስቶቻችን በዚሁ ጎዳና ላይ ባለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት ተሰብስበን ስለ አንድ ትልቅ ጉዳይ መከርን። ትልቁ ጉዳይ የአገራችን ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ። ጃማይካ ነው! በመጋቢት የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሰባት ቀን፣ ሞንቴጎ ቤይ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ምግቡም መጠጡም በአንድ ሒሳብ ተጠቃሎ።

እኔ «ኢንጂነሩ» ስለሆንኩ (ሐበሻ አንድ መሐንዲስ ካገኘ ከቴሌቪዥን ጥገና እስከ ሠርግ ድንኳን የማያዘው ነገር የለም) ዕቅዱን የማውጣት ኃላፊነት ተሰጠኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ማመላለሻ፣ ኢንሹራንስ፣ የጀልባ ሽርሽር። ከበላያችን ግድግዳው ላይ ያ ሁላችሁም የምታውቁት የድሮ ፖስተር ተሰቅሏል፤ ኢትዮጵያን የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ብሎ ፈረንጁን የሚጋብዘው። መፈክሩ የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት የሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ቢተካም የዲያስፖራ ምግብ ቤቶች ዜናውን የሰሙ አይመስልም። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ካለው አገር የመጣን ሰዎች፣ ፖስተሩ ሥር ቁጭ ብለን የሰባት ቀን ፀሐይ በዶላር ስንገዛ ማናችንም አልሳቅንም። ቀብዱ እስከ ዓርብ መከፈል ነበረበት።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ዕረፍት መፈለጋችን ነውር ነው ብዬ ልሰብክ አልተነሣሁም። እኛ ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት «ቫኬሽን» ያልነው ነገር ምን እንደነበረ እናውቃለን። ሁለት ሁለት ሻንጣ የሰው ዕቃ ተሸክሞ መሄድ፣ ያልደረስንበትን ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ ማስታመም፣ የተጣላ ማስታረቅ፣ ኪስን አራግፎ ከሄዱበት የበለጠ ደክሞ መመለስ ነው። «አረፈ» የሚለው ቃል በቋንቋችን «ሞተ» ማለትም መሆኑ እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም፤ በቁሙ የሚያርፍ ሰው ብዙም አላየንም። ስለዚህ ከጓደኞቼ አንዱ፣ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ሁለት ልጆች ኮሌጅ ያስገባ ሰው፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ሄጄ ልተኛ» ሲል ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። አሁንም ከእሱ ጋር ነው።

ታዲያ ማታ ቤት ስገባ፣ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባችው ልጄ ሠንጠረዡን አይታ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «አባዬ፣ መጀመሪያ ይህን አንብብ፤ ከዚያ ክፈል» አለችኝ።

መጽሐፏ «ኤ ስሞል ፕሌስ» ትባላለች፤ በአማርኛ «ትንሽ ቦታ» ብንላት ያስኬዳል። በ1988 የታተመች፣ ሰማንያ ገጽ ያህል ብቻ ያላት ናት። የደራሲዋን ስም አይቼ «እሰይ፣ ስለ ጃማይካ ነው» ስል ልጄ ሳቀችብኝ። ጃማይካ ኪንኬይድ የጃማይካ ሰው አይደለችም፤ በ1949 አንቲጓ ደሴት ላይ ስትወለድ ስሟ ኢሌይን ፖተር ሪቻርድሰን ነበር። በ1965፣ ገና በአፍላ ዕድሜዋ፣ ኒውዮርክ አካባቢ የሰው ልጅ ልትጠብቅ ተላከች፤ ከዚያ ጸሐፊ ሆነች፤ በ1973 ስሟን ቀየረች። የእኛ አገር ልጆች ቤይሩትና ሪያድ ሲላኩ ያየ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

መጽሐፏ የምትጀምረው ቱሪስቱ አንቲጓ ሲያርፍ ነው። አየር ማረፊያው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ተሰይሟል። ታክሲው ውድ የጃፓን መኪና ሲሆን መንገዱ ግን ጉድጓድ ነው። በ1974 በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው ቤተ መጻሕፍት፣ ይጠገናል የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ከዓመታት በኋላም እንደተዘጋ ነው። ቱሪስቱ የሚዋኝበትን ባሕር አይቶ ይደነቃል፤ ደራሲዋ ግን ደሴቲቱ ደኅና የፍሳሽ ማስወገጃ እንደሌላት አስታውሳ፣ ከሆቴሉ መጸዳጃ የወጣው ወዴት እንደሚሄድ ታሳስበዋለች። ትኩስ ነው ብሎ የሚበላው ምግብም ከማያሚ በአውሮፕላን የመጣ ሊሆን እንደሚችል ትነግረዋለች። ከዚያ ወደ እንግሊዞቹ የቅኝ ግዛት ዘመን ትመለሳለች፤ ቀጥላም በ1981 ነፃነት ካገኙ በኋላ የራሷ ወገኖች የሠሩትን ሙስና ሳትምር ትገርፋለች። ለፈረንጅም ለወገንም አታደላም።

ደራሲዋ መሐንዲስ አይደለችም፤ የምትጠይቀው ግን የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። የሚገባው ከየት ይገባል? የሚወጣው ወዴት ይወጣል? እኔ የውኃና የፍሳሽ መሐንዲስ ነኝ፤ እንጀራዬን የማገኘው ከዚሁ ጥያቄ ነው። እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ዝናብ ሲበረታ ፍሳሽ ወደ ሳዮቶ ወንዝ እየገነፈለ ስላስቸገረ፣ ከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ከመሬት በታች አስቆፍሮ በ2017 ሥራ አስጀምሯል። ወንዙ ዳር የሚሮጠው ሰው ዋሻውን አያውቀውም፤ ማወቅም የለበትም። የደህና ምህንድስና ምልክቱ አለመታየቱ ነው። የኪንኬይድ መጽሐፍ ያስተማረችኝ ግን ሌላ ዓይነት አለመታየት መኖሩን ነው። ቱሪስቱ ቧንቧውን የማያየው ስለተቀበረ ሳይሆን፣ ቱሪስት መሆን ማለት ቧንቧውን ላለማየት መክፈል ማለት ስለሆነ ነው።

እኔም ሠንጠረዤን በዚህ ዓይን መልሼ አየሁት። ገንዘቡን የምከፍለው አሜሪካ ላለ አስጎብኚ ድርጅት ነው፤ ከዚያ ላይ የአውሮፕላኑን ድርሻ የሚወስደው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ብዙ ጊዜ የውጭ ኩባንያ ነው። ከጠረጴዛው ምግብ ውስጥ በመርከብና በአውሮፕላን የገባው ስንት ይሆን? በዚህችው መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በተጻፈ ትረካ የሚታጀበው «ላይፍ ኤንድ ዴት» የተባለ የ2001 ፊልም፣ ጃማይካ በዓለም የገንዘብ ድርጅት ብድር ግዴታ ገበያዋን ስትከፍት ርካሽ የዱቄት ወተት ገብቶ የአገሩን ወተት አምራች እንዴት እንዳከሰረ ያሳያል። በሙያችን ከቧንቧ ሾልኮ የሚጠፋ ውኃ አለ፤ ከየት እንደሾለከ ሳታውቅ ከግድቡ የወጣውን ብቻ ብትቆጥር ከተማው ጠጥቷል ትላለህ። የቱሪስት ዶላርም እንደዚሁ ነው። ደሴቲቱ ላይ የሚቀረው ደመወዙ፣ ጉርሻው፣ ግብሩና ጥቂት ማንጎ ነው።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፏ ረታችኝ። አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ።

መጽሐፏ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቱሪስቱን በሁለተኛ መደብ ነው የምታናግረው። እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ለንጉሥም ለሎሌም፣ ለብዙም ለአንድም፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። ለባለቤቴ ጥቂት ገጾች በቃሌ ልተረጉምላት ስሞክር ገና መግቢያው ላይ ተሰናከልኩ። ምን ልበል? «አንተ» ልበል? ያን ጊዜ ንቀቱና ቁጣው ፊት ለፊት ይወጣል። «እርስዎ» ልበል? ያን ጊዜ ትሕትናው የሆቴል አስተናጋጅ ትሕትና ይሆናል፤ «እርስዎ አስቀያሚ ሰው ነዎት» እንደማለት፤ ይህ ደግሞ ከስድብ የባሰ ያማል። ኪንኬይድ ሁለቱንም በአንድ ቃል ማለት ትችላለች። አፏ «እርስዎ» ይላል፤ ሆዷ «አንተ» ይላል። የአገልጋይ ሕይወት ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? በዚህ አገር ሆቴል አልጋ ያነጠፈ፣ ታክሲ የነዳ፣ ፓርኪንግ የጠበቀ ሐበሻ ሁሉ ይህን ሁለት ምላስ ያውቀዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ሦስት ዓመት ፓርኪንግ ጠብቄያለሁ፤ «ደኅና ይዋሉ ጌታዬ» ያልኩትን ሰው በአማርኛ ምን እንደምለው እግዚአብሔር ይወቀው።

የመጽሐፏ ጉድለት እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። በዓለሟ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቱሪስቱና የአገሩ ልጅ። የአገሩ ልጅ ሁሉ ቱሪስት መሆን ይመኛል፤ ድህነቱ ግን ከቤቱ አያስወጣውም፤ ስለዚህም በቱሪስቱ ይቀናል ትለናለች። እውነት ነው። ግን ያ የአገሩ ልጅ ዲቪ ቢደርሰውስ? አምልጦ ወጥቶ፣ ፓርኪንግ ጠብቆ፣ ማስተርሱን ይዞ፣ ሰማያዊ ፓስፖርት ቢያወጣና በሃያ ዓመቱ ቱሪስት ሆኖ ቢመጣስ? እሱን በምን ስም ልትጠራው ነው? ራሷ ደራሲዋስ? መጽሐፏን ስትጽፍ አሜሪካ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ወደ አንቲጓም የምትመለሰው እንደ ቱሪስቱ በአውሮፕላን ነው። «እኔ» ስትል የአገሬው ድምፅ ነው የሚሰማው፤ የአውሮፕላን ቲኬቷ ግን አይታይም። ይህን ጥያቄ ዋና ርእሷ ብታደርገው ኖሮ መጽሐፏ ትንሽ ትሰፋ፣ ቁጣዋም ትንሽ ወደ ራሷ ትዞር ነበር።

ይህን ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባችን ሳቀርብ ጓደኞቼ ደስ አላቸው። «አየህ! እኛ ያ ቱሪስት አይደለንም። እኛ ጥቁር ነን፣ አፍሪካውያን ነን፣ ድህነትን እናውቀዋለን» አሉ። አንዱማ ጨምሮ «ደግሞ ጃማይካ የእኛ ናት! ጃንሆይን እንደ አምላክ የተቀበለች አገር ናት» አለ።

በጥሞና እናስበው። ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ አየር ማረፊያውን አጥለቅልቆት ስለነበር ከአውሮፕላኑ ለመውረድ ጊዜ ወስዶባቸዋል፤ ራስታዎች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። በ1948 በኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን በኩል ለጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ተሰጥቶ ነበር፤ በኋላ ብዙ ጃማይካውያን ቤታቸውን ትተው እዚያ ሰፈሩ። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ አብዛኛውን መሬት ወሰደባቸው። ለራስታዎቹ የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው የተነገረው በ2017 ነው፤ እዚያው ወልደው፣ እዚያው አርጅተው። እንግዲህ እነሱ ኢትዮጵያን ሲናፍቁ የሄዱት ለመኖርና ለመቀበር ነው። እኛ ወደ እነሱ የምንሄደው ሰባት ቀን ለመዋኘት ነው። ሚዛኑ እኩል ነው የሚል ካለ ሒሳቡን ያሳየኝ።

«ድህነትን እናውቀዋለን» የሚለው መከላከያ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሆኖ አገኘሁት። የምታስተናግደን ሴት ያለፈ ድህነታችንን አታየውም፤ የምታየው ፓስፖርታችንን፣ የእጅ አንጓችን ላይ የታሰረውን የሆቴል ባንድ ነው። ጃማይካ ውስጥ ከ1956 ጀምሮ የሚሠራ የባሕር ዳርቻ ሕግ አለ፤ ዳርቻውን በመንግሥት እጅ አድርጎ፣ ለሕዝቡ ግን በየዳርቻው የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠም። ስለዚህም የአገሩ ልጅ የተወለደበትን ባሕር ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያይበት ቦታ ብዙ ነው፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ያሟግታል። ፈረንጅ ይህን ባያውቅ ይፈረድበታል? እኛ ግን ቢሾፍቱን እናውቃለን። የሐይቁን ዳር አጥር ሲበላው፣ በልጅነታችን በነፃ የወረድንበትን ዳገት በመግቢያ ክፍያ ስንወርደው አይተናል። ያላወቀ ቱሪስት ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ገደሉን አይቶ፣ ገደሉ ውስጥ ተወልዶ፣ ሣሩ ላይ ብቻ የሚያተኩርስ ምን ይባላል?

ከጓደኞቼ አንዷ ግን ዝም የሚያሰኝ ነገር ተናገረች። ጥቅምት 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው ምድብ አምስት አውሎ ነፋስ የጃማይካን ምዕራብ መትቶ ሞንቴጎ ቤይ ድረስ በጎርፍ አጥለቅልቆ ነበር። «እኛ ቀረን ማለት የዚያች አልጋ አንጣፊ ደመወዝ ቀረ ማለት ነው። መጽሐፉ ለእሷ ምን አለላት?» አለች። እውነቷን ነው። ኪንኬይድ ቱሪስቱ አስቀያሚ መሆኑን ትነግረናለች፤ ቱሪስቱ ከቤቱ ከቀረ ግን አስተናጋጇ በምን ትደር የሚለውን አትነግረንም። ቱሪስት ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ ጃማይካ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም።

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር የጀልባ አስጎብኚ ነው፤ ነበር ብል ይሻላል። ጣና ሠላሳ ሰባት ደሴት አለው ይባላል፤ ገዳማቱ፣ የነገሥታቱ አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የዘጌ ቡና፤ በ2015 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። «ሞቃታማው የምድር ወገብ አካባቢ» ከተባለም ጣና ከጃማይካ ይልቅ ለምድር ወገብ ይቀርባል፤ እሱ አሥራ ሁለት ዲግሪ ላይ ነው፣ እሷ አሥራ ስምንት። መጀመሪያ እንቦጭ መጣ፤ በ2020 ኮሮና መጣ፤ በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በነሐሴ 2023 ደግሞ ክልሉ ራሱ የጦር ሜዳ ሆኖ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የጀልባው ሞተር ተሸጧል።

በ2019 ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። የዘጌን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳይቶን፣ እንጦስ ኢየሱስ አድርሶን ማታ ተመለስን። ወደቡ ላይ፣ ጓደኞቹ ባሉበት፣ የነዳጁን ሰጠሁትና ከላዩ ጉርሻ ጨመርኩለት። በእንግሊዝኛው «ቲፕ» መሆኑ ነው። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። እስከዚያ ቀን «ጋሼ፣ መጣህ? ጋሼ፣ በላህ?» ይለኝ የነበረው ልጅ፣ ከዚያ ወዲህ ሲደውል «እርስዎ» ነው የሚለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አደገ፣ ሥርዓት አወቀ እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ። መጽሐፏን አንብቤ ስጨርስ ግን ያ «እርስዎ» እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ዕለት ወደቡ ላይ አጎቱ ነበርኩ ወይስ እንግዳው?

ሐሙስ ማታ ደወልኩለት። ስለ ጃማይካው ነገርኩት፤ መደበቅ አልፈለግሁም። ጥቂት ዝም ብሎ «መልካም ነው፤ ይረፉ እንጂ። እርስዎም ደክመዋል» አለኝ። ከዚያ «እዚያ ያሉት ጀልባ ነጂዎች በቀን ስንት ይከፈላቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሠንጠረዤ ውስጥ የጀልባ ሽርሽሩ ዋጋ ነበረ፤ የነጂው ደመወዝ ግን አልነበረም። አላውቅም አልኩት።

ዓርብ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱ ቤተሰቦች እንደታቀደው ከፈሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ መጋዘን የሚሠራው ወዳጄም አንዱ ነው፤ ይተኛ። እኛና አንድ ሌላ ቤተሰብ በአጥር ውስጥ ያለውን ሆቴል ትተን፣ የአገሩ ሰዎች የሚያስተዳድሩት አነስተኛ ማረፊያ መረጥን፤ የምንበላውን ከገበያ ልንገዛ፣ ጀልባ ነጂውንም ራሱን አግኝተን ልንከፍለው። በዚህ ከኪንኬይድ ክስ ነፃ ወጣሁ ብዬ አላስብም። ባንዱ ከእጄ ላይ ቢወርድ ፓስፖርቱ ኪሴ ውስጥ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ለማለት የፈለግሁት ይህ ነው። መጽሐፏን አንብቧት፤ ተቆጧት፤ ተከራከሯት። ሰው ለሁለት ከፍላ ሦስተኛውን ስለረሳች ግን «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳትዘጓት። ሦስተኛው ሰው እኛ ነን፤ አንድ ጊዜ ድሃ መሆናችን የዕድሜ ልክ ይቅርታ አላስገኘልንም፤ ያስገኘልን ማወቅን ብቻ ነው፤ የሚያውቅ ደግሞ ከማያውቅ ይልቅ ይጠየቃል። ለዕረፍት ሂዱ። የምታስተናግዳችሁ ሴት በአፏ «እርስዎ» ስትላችሁ ግን፣ በሆዷ ምን እንደምትላችሁ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

የእህቴን ልጅ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አነጋግሬዋለሁ። «አንተ በለኝ» ብዬ ለምኜዋለሁ፤ «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ» ብሎኛል።

ቸር ያሰንብተን።